ከጥቁር ሸራ የሚወጣ ፊት፦ የጉስታቭ ኩርቤን የራስ ምስሎች ፍለጋ ከፓሪስ እስከ ኦርናን

ይህን ጉዞ የሚያበላሹት ሰኞና ማክሰኞ ናቸው። ፓሪስ ያሉት ፐቲ ፓሌና ኦርሴ፣ ሞንፔሊዬ ያለው ፋብር ሙዚየም ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸው። ኦርናን ያለው የኩርቤ ሙዚየም ደግሞ ማክሰኞ ይዘጋል። ስለዚህ መንገዱ ረቡዕ ፓሪስ ቢጀመር ይመረጣል፦ ሐሙስ ኦርሴ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሞንፔሊዬ፣ እሑድ ባቡር ላይ፣ ሰኞ ኦርናን። ቅዳሜ የጀመረ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል።

ጉስታቭ ኩርቤ በ1819 ኦርናን ተወልዶ በ1877 በስዊዘርላንድ ስደት የሞተ ፈረንሳዊ ሰዓሊ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በተለይ በ1840ዎቹ ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ የራሱን ፊት ደጋግሞ በዘይት ቀለም ሥሏል። ወጣት ሰዓሊ ሞዴል ለመቅጠር ገንዘብ ያጥረዋል፣ መስታወት ግን ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ አለ። በ1854 ለደጋፊው ለአልፍሬድ ብሩያስ በጻፈው ደብዳቤ መንፈሱ በተለወጠ ቁጥር የራሱን ምስል እንደሠራ፣ በአጭሩ ሕይወቱን በዚያ መልክ እንደጻፈ ነግሮታል።

እነዚህን ሥዕሎች በስልክ ወይም በመጽሐፍ ማየት ብዙ አያስኬድም። ኩርቤ ሸራውን መጀመሪያ በጥቁር ወይም በቡናማ ቀለም ያለብሰውና ከዚያ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ እየወጣ ይሠራል። ካሜራ ደግሞ ጨለማ ሲያይ በራሱ ጊዜ ያነጣዋል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። የግድ ፎቶ ማንሳት ከተፈለገ የስልኩን የብርሃን መጠን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ፍላሽ ግን ክልክል ነው።

ሻንጣ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ልብስ የመጀመሪያው ነው፤ ጠቆር ያለ ሥዕል ላይ ያለ ቫርኒሽ እንደ መስታወት ስለሚሠራ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ተመልካች ኩርቤን ትቶ ራሱን ነው የሚያየው። ከ2 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር አጥርታ የምታሳይ ትንሽ ባይኖኩላር፣ እርሳስና ማስታወሻ ደብተርም ይያዙ። እስክሪብቶ ሥዕሎቹ አጠገብ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም።

አንደኛ ቀን፤ ረቡዕ፣ ፓሪስ፦ ፐቲ ፓሌ

በሜትሮ መስመር 1 ወይም 13 ሻንዜሊዜ ክሌማንሶ ጣቢያ መውረድ ነው። ፐቲ ፓሌ ከግራንድ ፓሌ ፊት ለፊት ይገኛል፤ ቋሚ ስብስቡን ለማየት አይከፈልም፣ ትኬት የሚጠየቀው ለጊዜያዊ ትርኢት ብቻ ነው። ሁለት ሰልፍ ሲኖር ብዙ ሰው ሳያውቅ ረጅሙ ላይ ይቆማል፤ ለቋሚው ስብስብ የትኛው በር እንደሆነ ጠባቂውን መጠየቅ ግማሽ ሰዓት ያተርፋል።

እዚህ የሚፈለገው «ኩርቤ ከጥቁር ውሻ ጋር» ነው። 46 በ55 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ1842 የተሠራ፣ በ1844 ደግሞ የፓሪሱ ይፋ ዓመታዊ ትርኢት፣ ሳሎን የሚባለው፣ የተቀበለው የኩርቤ የመጀመሪያ ሥራ። ዳኞቹ ከዚያ በፊት ያቀረባቸውን መልሰውበት ነበር። የሃያ ሦስት ዓመቱ ወጣት ከድንጋይ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ረጅም ፀጉር፣ እጁ ላይ ፒፓ፣ ከጎኑ ጆሮው የተንጠለጠለ ጥቁር ውሻ። ከሰውየው በስተጀርባ የትውልድ አገሩ ሸለቆ ይታያል።

ከፊቱ በፊት ውሻውን ይመልከቱ። ጥቁር ፀጉር ያለው እንስሳ ጥቁር ካፖርት ከለበሰ ሰው አጠገብ ማስቀመጥ ለጀማሪ ወጥመድ ነው፤ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ጉድጓድ ይሆናሉ። ኩርቤ ያመለጠው ጥቁሩን በመለያየት ነው። የውሻው ጥቁር ቀዝቀዝ ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፣ የጨርቁ ግን ሞቅ ያለና ብርሃን የሚውጥ። ባይኖኩላሩን አውጥተው የሁለቱን ድንበር በዝግታ ይከተሉ፤ መስመር የተሠመረበት ቦታ የለም፣ የሚለያያቸው የቀለሙ ሙቀት ብቻ ነው።

የእይታው ከፍታም ልብ ይባል። ሰዓሊው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ተመልካቹን ከላይ ወደ ታች ያየዋል፤ አገጩ ትንሽ ቀና ብሏል። ይህን ለማግኘት መስታወቱ ከዐይን ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ዘንበል ማለት አለበት። መስታወት ዐይን ትክክል ላይ ሲሰቀል የሚወጣው መታወቂያ ደብተር ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ፊት ነው።

ከሥዕሉ ፊት በቀጥታ መቆም ትርፍ የለውም። ከመሀል አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብለው፣ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ርቀው፣ የመብራቱ ነጸብራቅ ከሸራው ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ይንቀሳቀሱ። በሚቀጥሉት ቀናት የሚታዩት ሥዕሎች ሁሉ ይህን ይፈልጋሉ።

ሁለተኛ ቀን፤ ሐሙስ፣ ፓሪስ፦ ኦርሴ

ኦርሴ ሐሙስ እስከ ማታ 3፡45 ክፍት ነው፤ በፈረንሳይ ሰዓት 21፡45 ማለት ነው። የአስጎብኚ ቡድኖች ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት አካባቢ ይበተናሉ። ትኬቱን በኢንተርኔት አስቀድሞ ሰዓት መርጦ መግዛት ግዴታ ባይሆንም፣ ያለ ሰዓት የመጣ ሰው ዝናብ ላይ ሲቆም ይታያል። አርኢአር በሚባለው የከተማ ባቡር በሲ መስመር የሚመጣ ሙዚየሙ በር ላይ ይወርዳል፤ በሜትሮ መስመር 12 ከሆነ ሶልፌሪኖ ነው። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ይገባል። የኩርቤ ሥራዎች ምድር ቤት ላይ ናቸው። አብዛኛው ጎብኚ ቫን ጎግንና ሞኔን ፍለጋ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ፎቅ ስለሚወጣ ይህ ክፍል ይቀላል።

በዚህ ቀን መታየት ያለባቸው አራት ናቸው፤ ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል።

መጀመሪያ «የቆዳ ቀበቶ ያደረገው ሰው»፣ 1845 እና 1846 ላይ የተሠራ፣ 100 በ82 ሴንቲ ሜትር። ኩርቤ ሉቭር እየሄደ የድሮ ጌቶችን ይገለብጥ ነበር፤ ይህ ሥዕል በኤክስሬይ ሲታይ ከሥሩ የቬኒሱ ሰዓሊ የቲሺያን «ጓንት የያዘው ሰው» ግልባጭ ተገኝቷል። ሸራ ውድ ነበርና ባለቀ ልምምድ ላይ አዲስ ሥዕል መሥራት የተለመደ ነው። ኩርቤ ግን ከሸራው በላይ የተጠቀመ ይመስላል፤ ከጨለማ የሚወጣው እጅና ፊት፣ ቡናማው አየር፣ ሁሉም ከሥር ካለው ቬኒሳዊ የተወረሰ ነው። በ1855 ሲያሳየውም የቬኒስ ሰዓሊዎች ጥናት ብሎ ነው የሰየመው። ተመልካቹ ዕቃ መቁጠር ትቶ እጆቹ ላይ ይቆይ፤ ነጩ ቀለም ወፍሮ የተቀመጠው አጥንቱ ጎላ ባለበት ብቻ ነው፣ በጥላው በኩል ያለው የመሠረት ቀለም ራሱ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም።

ቀጥሎ «የቆሰለው ሰው»፣ 81.5 በ97.5። ወጣቱ ከዛፍ ግንድ ሥር ተጋድሟል፣ ሸሚዙ ላይ የደም ምልክት አለ፣ ከጎኑ ጎራዴ። መነሻው 1844 ነው፣ ማለቂያው 1854። በ1973 የተነሣው ኤክስሬይ ከሥሩ ሁለት ሌሎች ሐሳቦችን አሳይቷል፤ መጀመሪያ የሴት ራስ፣ ከዚያ ኩርቤና ትከሻው ላይ የተደገፈች ሴት። በኋላ ሴቲቱ ተሸፈነች፣ በእሷ ፈንታ ጎራዴና ደም ገባ። ብዙዎች ይህችን ሴት የልጁ እናት ከሆነችው ከቪርጂኒ ቢኔ ጋር ያገናኟታል፤ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ተለያይተው ነበር።

ወሬው ደስ ይላል፣ ሰዓሊ ለሆነ አንባቢ ግን የበለጠ የሚያስገርመው ዐይኑ ነው። የሰውየው ዐይኖች ተከድነዋል ለማለት ምንም አልቀራቸውም። ዐይኑን የከደነ ሰው መስታወት ውስጥ ራሱን አያይም! የራስ ምስል ሠሪ ሁሉ አፍጥጦ የሚታየው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው፤ ካልተመለከተ አይሥልም። ስለዚህ ይህ ፊት በአንድ ቁጭታ ከመስታወት የተቀዳ ሊሆን አይችልም፤ አፍንጫውና ጢሙ ከመስታወት፣ የዐይን ቆቡ ደግሞ ከቃል ወይም ከሌላ ሰው ፊት መምጣት ነበረበት። ባይኖኩላሩን ወደ ዐይን ቆቡ ካነጣጠሩ ከአፍንጫው ይልቅ ለስለስ ብሎ፣ ዝርዝሩ ቀንሶ ያገኙታል። ሥዕሉን ኩርቤ እስኪሞት አልሸጠውም፤ መንግሥት የገዛው በ1881 ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ ነው።

«ተስፋ የቆረጠው ሰው» የሚባለው፣ በሁለት እጁ ፀጉሩን ጨብጦ ዐይኑን ያፈጠጠው፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በፖስተር ከሁሉም በላይ የታወቀው ነው። መጠኑ ሲታይ ግን ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ 45 በ54 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሥዕሉ ለረጅም ዘመን በግል እጅ ነበር። ባለቤቱ የኳታር ሙዚየሞች መሆኑ በጥቅምት 2025 ተነግሮ ከዚያ ጀምሮ በውሰት ኦርሴ ተሰቅሏል። በውሰት ያለ ሥራ ሊንቀሳቀስ ይችላልና ከመሄድ በፊት የሙዚየሙን ድረ ገጽ ማየት ነው። የመጨረሻ ማረፊያው ዶሃ እንዲሆን ታስቧል፤ እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች ወደፊት ፓሪስ ድረስ መምጣት ላያስፈልጋቸው ይችላል።

አንድ ጥያቄ ይዘው ይቅረቡት፦ ሁለቱም እጆቹ ራሱ ላይ ካሉ ቡሩሹን ማን ያዘው? መልሱ ቀላል ነው፤ እጆቹ ለየብቻ ተሠርተዋል። አንዱን እጅ ፀጉሩ ውስጥ አስገብቶ በሌላው ይሥላል፣ ከዚያ ይቀያይራል፣ ወይም ሁለተኛውን ከሥዕል ልምምዱ ያመጣል። ወደ ፊት የወጣው ክርን ከጭንቅላቱ ጋር ሲነጻጸር መጠኑ ትንሽ የተጋነነ የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። መስታወት ላይ ያለ ምስል ሁልጊዜ የእውነተኛውን ፊት ግማሽ ያህል ነው፤ በሳሙና የመስታወቱ ገጽ ላይ ፊትን ዙሪያውን አስምሮ መለካት ይቻላል፣ ወደ ኋላ ቢሸሹም አይለወጥም። ሰዓሊው ይህን እጥፍ ሲያደርግ ፊቱ ላይ የተጠቀመበትን ልኬት እጁ ላይ ከረሳው ነገሩ ይበላሻል። ኩርቤ ስህተቱን ለድራማ ያዋለው ይመስላል።

አራተኛው «የሰዓሊው ስቱዲዮ» ነው፤ 361 በ598 ሴንቲ ሜትር፣ 1854 እና 1855። ኩርቤ መሀል ላይ በጎን ተቀምጦ የትውልድ ሸለቆውን ይሥላል። ግራና ቀኙ በሰው የተሞላ ነው። ለዓለም ኤግዚቢሽን አቅርቦት ዳኞቹ ስላልተቀበሉት በ1855 አጠገቡ የራሱን አዳራሽ ሠርቶ በክፍያ አሳየው። ከ2014 ጀምሮ እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ፣ በመስታወት ክፍል ውስጥ፣ ሕዝብ እያየ ታድሷል፤ ቢጫ ያደረገው የድሮ ቫርኒሽም ስለተቀነሰ አሁን ከበፊቱ ፎቶዎች ይልቅ ሰማዩና አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል።

ቀኝ ጫፍ ላይ መጽሐፍ የሚያነበው ገጣሚው ቦድሌር ነው። ከራሱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ደብዘዝ ያለች የሴት ጥላ ትታያለች፤ ዣን ዱቫል ናት፣ የገጣሚው ወዳጅ። ኩርቤ መጀመሪያ ሥሏት በኋላ በቀለም ሸፈናት፤ አሁን ግን ቀስ ብላ እየተመለሰች ነው። የዘይት ቀለም ሲያረጅ ብርሃን ያሳልፋል፤ የተልባ ዘይቱ ብርሃን የሚያጥፍበት ልክ ከዓመት ዓመት ይጨምርና ወደ ቀለም ዱቄቱ ልክ ይጠጋል፣ ዱቄቱ በዘይቱ ውስጥ መሸፈን ያቅተዋል። ስስ ሽፋን ከሆነ ከሥር ያለው ይገለጣል። ጥቁር የመሠረት ቀለም ላይ የሠራ ሰውም ከዚሁ የተነሣ ይጎዳል፦ ሥዕሉ ከዓመት ዓመት ይጠቁራል። የኩርቤ ሥዕሎች ዛሬ የሚታዩት እሱ ከጨረሳቸው ይልቅ ጠቁረው ነው።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ወንዙን ተሻግሮ ቱይለሪን አቋርጦ የሚሄድ ቫንዶም አደባባይ ይደርሳል። መሀሉ ላይ የቆመው የነሐስ አምድ በፓሪስ ኮሙን፣ ከተማዋን ለጥቂት ጊዜ በያዘው የአመፅ መንግሥት ጊዜ፣ ሜይ 16 ቀን 1871 ተጎትቶ ወድቋል፤ ለዚህም በኋላ ዕዳው ኩርቤ ላይ መጣ። አሁን ያለው እንደገና የተተከለው ነው። ስድስተኛው ቀን ያለዚህ አምድ አይገባም።

ሦስተኛ ቀን፤ ዓርብ፣ ወደ ሞንፔሊዬ

ፓሪስ ካለው ጋር ደ ሊዮን ጣቢያ ሞንፔሊዬ በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትኬት ሲቆረጥ መድረሻው «ሞንፔሊዬ ሳን ሮክ» መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ሞንፔሊዬ ሱድ ደ ፍራንስ» የሚባለው ሌላው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ዋጋው ረክሶ ሲታይ ምክንያቱ አንዳንዴ ይኸው ነው፣ ከዚያ የመጓጓዣው ጊዜና ክፍያ ትርፉን ይበላዋል። ከሳን ሮክ እስከ ኮሜዲ አደባባይ፣ ከዚያም እስከ ፋብር ሙዚየም በእግር ይደረሳል።

ፋብር 12 ሰዓት ማታ ይዘጋል። ዓርብ ከሰዓት የሚገባ ሰው የብሩያስን ስብስብ ብቻ ይይ፣ ሌላውን ይተው። አልፍሬድ ብሩያስ የባንክ ባለቤት ልጅ፣ ሥራው ሥዕል መሰብሰብ የሆነ፣ የገዛ ፊቱን ለሰዓሊ ማሳል የማይሰለቸው ሰው ነበር። ደላክሯ ሥሎታል፣ ካባኔል ሥሎታል፣ ኩርቤም ከአንድ ጊዜ በላይ። ቀይ ጢሙን አንዴ ያየ በየግድግዳው ያውቀዋል። ስብስቡን በ1868 ለከተማው ሰጠ። ኩርቤ ፓሪስ ውስጥ ሳይሆን ከስፔን ድንበር ብዙም በማይርቅ ከተማ ውስጥ እንዲህ በርክቶ የሚገኘው በዚህ ሰው የተነሣ ነው።

አራተኛ ቀን፤ ቅዳሜ፣ ፋብር ሙዚየም

በሩ 4 ሰዓት ጠዋት ሲከፈት መግባት ነው፤ «ፒፓ ያጨሰው ሰው» ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሰው ከፊቱ ከቆመ ሦስተኛው አያይም። 45 በ37 ሴንቲ ሜትር፤ የተሠራው በ1840ዎቹ መጨረሻ ነው። የተንጨበረረ ፀጉር፣ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ራስ፣ አፉ ላይ ፒፓ፣ ግማሽ የተከደነ ዐይን። ኩርቤ ከሠራቸው የራስ ምስሎች ውስጥ በቀለም አያያዝ የሚበልጠው ይህ ነው፤ «ተስፋ የቆረጠው» ቲያትር ነው፣ ይህ ግን ሥራ ነው።

ሥራውን ከቅርብ ለማየት ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ከሁሉ በታች ጥቁር ቡናማ የመሠረት ቀለም አለ፤ ፀጉሩ ጥግ ጥግ ላይ ሳይሸፈን ይታያል። ከዚያ የፊቱ መካከለኛ ድምቀት፣ ኦከር የሚባለው ቢጫማ የአፈር ቀለምና ቀይ ከነጭ ጋር፣ በስስ ተለብጧል። መጨረሻ ላይ ግንባሩ፣ የአፍንጫው አጥንትና ጉንጩ ላይ ወፍራም ነጭ ያለበት ቀለም ተቀምጧል፤ የቡሩሹ ፀጉር ያረሰው መስመር ሳይቀር ይታያል። ያ ነጭ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ሳይሰነጠቅ ብዙ ዘመን ይቆያል። ጥቁሩ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ዘይት ይጠጣል፣ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ላይ ስንጥቅ ሲፈልጉ ፊት ላይ ሳይሆን ልብስና ጥግ ላይ ይፈልጉ።

ስንጥቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ መለየቱም ከባድ አይደለም። ቀጭን፣ ስለታም፣ እስከ ሸራው የሚወርድ መረብ የዕድሜ ስንጥቅ ነው፤ ሸራው በእርጥበት እየጠበቀና እየላላ ሲኖር ይመጣል። ሰፊ፣ ጠርዙ የተድበለበለ፣ በውስጡ ከሥር ያለው ቡናማ የሚታይ ከሆነ ግን የአሠራር ስህተት ነው፤ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ቀስ ብሎ በሚደርቅ ላይ ተቀብቶ ታችኛው ሲንቀሳቀስ ላዩ ተገንጥሏል። በዚያ ዘመን ጥላን ያሳምራል እየተባለ ይደባለቅ የነበረው ሬንጅ መሰል ቡናማ፣ ቢቱመን፣ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፣ ሙቀት ባገኘ ቁጥር ይላወሳል፣ ላዩን እንደ አዞ ቆዳ ይቆራርጠዋል። ኩርቤ ብቻውን የወደቀበት ጉድጓድ አልነበረም።

ጥቁሩ ላይ አልፎ አልፎ ድርቅ ያለ፣ የማያብረቀርቅ ቦታም ይገኛል። ቆሻሻ አይደለም፤ ከሥር ያለው ሽፋን ዘይቱን ስለመጠጠ ላይ ያለው ዱቄት ብቻውን ቀርቶ ነው። አዳዲስ ሰዓሊዎች ይህ ሲገጥማቸው ዘይት በላዩ ይቀባሉ፣ ከዓመታት በኋላ ቦታው ቢጫ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ትክክለኛው መንገድ በስሱ የተሟሟ ቫርኒሽ ቀብቶ ከዚያ መቀጠል ነው።

ከዚህ ወደ «መስመር ያለው ኮሌታ» ይዙሩ፤ 1854፣ ይህም ትንሽ ነው። ፊቱ በጎን ነው፤ እንደገና የመስታወት ጥያቄ ይነሣል። በአንድ መስታወት የራስን ጎን ማየት አይቻልም። ሁለት መስታወት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንደኛው ያየውን ሁለተኛው ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ግራና ቀኙ ወደ ቦታው ይመለሳል። ድካሙ ብዙ ስለሆነ ኩርቤ ይህን ራስ አንዴ ሠርቶ ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። ኦርሴ ያለው «ስቱዲዮ» መሀል ላይ የተቀመጠው ሰው ጎን ከዚህ የመጣ ነው። በአጠገቡ ያለው «መገናኘት» ላይም ይኸው ነው።

«መገናኘት»፣ በሌላ ስሙ «እንደምን ዋሉ አቶ ኩርቤ»፣ 1 ሜትር ከ30 በ1 ሜትር ከ50 ገደማ ነው። ሰዓሊው የቀለም ሳጥኑን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ጢሙን ወደ ፊት አሹሎ፣ ከሞንፔሊዬ ውጭ መንገድ ላይ ብሩያስን፣ አሽከሩን ካላስንና ውሻውን ያገኛል። ብሩያስ ባርኔጣውን አውልቋል፣ አሽከሩ አንገቱን ሰብሯል፤ እጅ የሚነሣው ገንዘብ ያለው ነው፣ የሚቀበለው ሰዓሊው። በ1855 ፓሪስ ሲታይ ጋዜጦች ሀብት ለጥበብ እጅ ሲነሣ እያሉ ቀለዱበት። ቀልዱ አሁንም አያልቅበትም።

ከጥቁሮቹ ሥዕሎች በኋላ ይህ ሲታይ ዐይን ይጨፈናል፤ የደቡቡ ፀሐይ ነው። መንገዱ ነጭ ነው፣ ሰማዩ ወደ አድማስ ሲወርድ ይነጣል። የኩርቤ ጥላ መሬቱ ላይ ጥርት ብሎ ወድቋል፣ ብሩያስና አሽከሩ ግን ከማይታይ ዛፍ ጥላ ሥር ናቸው። ከመንገዱ ዳር ያሉትን ሣሮች ቀረብ ብለው ይዩ፤ በቀለም ቢላ ተቀብተው በቡሩሽ ጫፍ የተጫሩ አሉበት። ኩርቤ ቀለምን በቢላ መለጠፍ የጀመረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ቢላ የሚተወው ገጽ ድንጋይ፣ አፈርና ቅጠል ይመስላል፣ ፊት ላይ ሲደረግ ግን ያስጠላል። ለዚህም ነው ራሱን ሲሥል ቢላውን ከፊቱ የሚያርቀው።

አምስተኛ ቀን፤ እሑድ፣ ወደ ቤዛንሶን

መንገዱ በሊዮን በኩል ነው፣ አብዛኛው ጉዞ መቀየር ይጠይቃል፤ ቀኑን ይበላል። እዚህም ሁለት ጣቢያ አለ፤ «ቤዛንሶን ቪዮት» ከተማው ውስጥ ነው፣ «ቤዛንሶን ፍራንሽ ኮምቴ» ደግሞ ከከተማው ውጭ ሆኖ በትንሽ ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም «የገጠር እንቅልፍ» የሚባል የኩርቤ የከሰል ንድፍ አለ፤ ከ«ቆሰለው ሰው» ሥር የጠፉት ሁለቱ ሰዎች በዛፍ ሥር ተደጋግፈው የሚታዩት እዚህ ነው። ንድፍ በብርሃን ስለሚጎዳ ሁልጊዜ አይሰቀልም።

ስድስተኛ ቀን፤ ሰኞ፣ ኦርናን

ከቤዛንሶን ኦርናን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስ አለ፣ በቀን የሚመላለሰው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። የመመለሻውን ሰዓት ከመሳፈር በፊት ይጻፉ። ከተማዋ ሉ በሚባል ወንዝ ዳርና ዳር ተደርድራለች፣ ቤቶቹ እግራቸውን ውኃ ውስጥ የነከሩ ይመስላሉ። ከበላይ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ገደል ቆሟል፤ «ስቱዲዮ» መሀል ላይ የሚሣለው ሸለቆ ይህ ዓይነቱ ነው። ሙዚየሙ ሰዓሊው ተወለደበት በሚባለው ቤት ዙሪያ ተስፋፍቶ በ2011 እንደገና ተከፍቷል።

የጉዞው መጨረሻ «ኩርቤ በሳንት ፔላዢ» ነው፤ 92 በ72 ሴንቲ ሜትር። በኮሙኑ ጊዜ የሠዓሊዎች ማኅበር መሪ የነበረው ኩርቤ በሴፕቴምበር 1871 በቫንዶም አምድ ምክንያት ስድስት ወር እስራትና 500 ፍራንክ ተፈረደበት፤ ፓሪስ ሳንት ፔላዢ እስር ቤት ገባ። ሥዕሉ ላይ ፍርግርግ ባለው መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ ጥቁር ኮፍያ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ስካርፍ፣ አፉ ላይ ፒፓ። ሞንፔሊዬ ያለው ፒፓ ያጨሰ ወጣት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ሥዕል ከእስር ከወጣ በኋላ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህም ፊቱ ምስክር ነው። ያኔ ኩርቤ ከሃምሳ ያለፈ፣ የወፈረ፣ የታመመ ሰው ነበር፤ ሸራው ላይ ያለው ግን ቀጠን ያለ፣ ጢሙ ጥቁር የሆነ ነው። የቀለሙም ሥራ ተለውጧል። መስኮቱና ግድግዳው በጠፍጣፋ ሰፋፊ ምት ተሠርተዋል፣ ፊቱ ላይ ያ የ1840ዎቹ ወፍራም ነጭ የለም። ብርሃን የሚገባው ከመስኮቱ ነው ቢባልም ፊቱ የተብራራው ከእኛ በኩል ነው። ሥዕሉ ሰነድ ሆኖ አይታይ፤ ኩርቤ ለሕዝብ ሊተወው የፈለገው መልክ ነው።

አዲሱ መንግሥት አምዱን አስተክሎ ወጪውን በእሱ ላይ ጣለ። በጁላይ 1873 ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገረ። የተጠየቀው 323,091 ፍራንክ ሆኖ በየዓመቱ 10,000 እየከፈለ በ33 ዓመት እንዲጨርስ ተወሰነ። የመጀመሪያው ክፍያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 ይጠበቅ ነበር፤ ኩርቤ በዋዜማው፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1877፣ ላ ቱር ደ ፔልዝ ላይ ሞተ። አፅሙ ወደ ኦርናን የመጣው በ1919 ነው፤ መቃብሩ በከተማዋ መካነ መቃብር ይገኛል። እዚያው ሙዚየም ውስጥ ከስደት ዘመኑ የቀረ «የሺዮን ግንብ» የሚባል ሥዕልም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜ ካጠረ ይታለፍ።

መንገዱ ፈረንሳይ ውስጥ ያለውን ነው የሸፈነው። አንዱ የራስ ምስል ኦስሎ፣ ሌላው «ቸሎ ተጫዋቹ» በ1847 የተሠራው ስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ስካንዲኔቪያ የሚኖሩ አንባቢዎች ከዚያ ቢጀምሩ ይቀላቸዋል። ስቶክሆልም ያለው ላይ ቀስቱ በግራ እጅ፣ ክሮቹ በቀኝ ናቸው፤ መስታወቱ ያሳየውን ሳያርም እንዳለ ያስቀመጠበት ሥዕል ነው።